ከሞተር ላይ ሲታይ

ማርያማዊት የእናቷን ቤት በር ከማንኳኳቷ በፊት ነው ወንድሟ ሊዋሽላት መወሰኑን የሰማችው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ እናቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም፣ ለታመመው ወንድሟ ብቻ ብላ በፌስታል ሦስት ዳቦ ይዛለች። ዳቦው ካለፈው ሳምንት አንሷል፣ ዋጋው ግን ያው ነው፤ ባለሱቋን ብትጠይቃት «እኔ ምን ላድርግ፣ ዱቄቱን ጠይቂው» ብላ ስቃባታለች። የእናቷ ቤት በር ቆርቆሮ ስለሆነ የውስጥ ወሬ አያስቀርም። ለተሳላሚ ነጠላ እየሸጠች ሁለቱን ያሳደገች እናታቸው ወለተ ሩፋኤል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትለማመጣለች።

«ፈርምና ይብቃ ልጄ። ‹መብራቱን አይቼ ነው ያለፍኩት፣ አጥፍቻለሁ› በላቸው። የኮሚቴው አቶ ታፈረ፣ ‹ካመነ ቅጣቱን ወደ አንድ ዓመት እናወርድለታለን› ብለውኛል።»

የወንድሟ የእንግዳው ድምፅ ተሰማ፤ ካልጋው ሳይነሳ የሚናገር ሰው ድምፅ ነው።

«እፈርማለሁ እማዬ። ለአንድ ዓመቱ ብዬ ግን አይደለም። አላየሁም ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞሮ እሷን ነው የሚያየው። ማብራቱን ረስታው ይሆናል፤ ሰው ናት፣ ትረሳለች። እሷ እንጀራዋን ከምታጣ እኔ ሞተሩን ልጣ።»

የማርያማዊት እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። እሷ አልረሳችም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ ሌት ከቀን፣ ያንን ደቂቃ ደግማ ደጋግማ አስባዋለች። ከከተማው በታች ሜዳው ላይ አዲስ አስፋልት ተነጥፎ ለመኪና ገና አልተከፈተም፤ ዙሪያው አራት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ክፍሎቻቸው ባዶ የከረሙባቸው ባለሆቴሎችና አስጎብኚዎች ተሰብስበው፣ እንግዳ የሚጠራ ነገር እንፍጠር ብለው፣ እዚያ መንገድ ላይ የሞተር ሳይክል ውድድር አሰናዱ። ወልድያ ቴክኒክ ተምራ የከተማውን ግማሽ ሆቴል መብራት የዘረጋችው ማርያማዊት ስለሆነች፣ በየመታጠፊያው አደጋ ሲኖር የሚበራውን ቢጫ መብራት እንድትተክል ለሷ ሰጧት። በሙከራው ቀን ጠዋት ሐምዳን የሚባል የወልድያ ተወዳዳሪ የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፈ ተንሸራቶ ወደቀ። እሷ ወዲያው ማብሪያውን ተጫነች። ቢጫው ሲበራ በዓይኗ አይታለች። ከኋላ በመቶ አርባ የመጣው የገዛ ወንድሟ ግን ፍሬን ሳይነካ መብራቱን አልፎ ሄደ፤ ከታጠፈ በኋላ ነው አስፋልቱ ላይ የተኛውን ሰው ያየው። መሪውን ወደ ማሳው ጠመዘዘ። ሐምዳንን በአንድ ስንዝር ሳተው፤ የራሱ እግር ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ኮሚቴው ማስጠንቀቂያ ጥሶ ሰው ሊገድል ነበር ብሎ ለዘለዓለም አገደው።

«አልበራም ነበር» አለ እንግዳው ሐኪም ቤት። «በርቷል» አለች እሷ። ከዚያ ቀን ወዲህ «እንዴት አደርክ» እና «ደህና» ከመባባል አላለፉም። እናታቸው መሐላቸው ተቀምጣ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ጎረቤት ሰርግ ታወራለች፤ አንዳቸው ሲመልስላት ሌላው ግድግዳ ያያል። ማርያማዊት በልቧ፣ ወንድሜ ራሱን ለማዳን ነው የሚዋሸው፣ ብላ ደምድማ ነበር። አሁን በሩ ላይ ቆማ ያንን ሐሳቧን መያዝ አቃታት። ራሱን ለማዳን የሚዋሽ ሰው ራሱን ለመክሰስ አይፈርምም። እንግዲያው አላየሁም ያለው እውነቱን ነው። በርቷል ያለችውም እሷ እውነቷን ነው። ዳቦውን ከበሩ መዝጊያ ላይ አንጠልጥላ ቁልቁል ወደ ዋናው መንገድ ሮጠች።

ባጃጁ ሜዳው ሲያደርሳት ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ገና ብቅ እያለች ነበር። ውድድሩ እሑድ ስለሆነ አንዳንዶቹ በማለዳ ይለማመዳሉ። ዛሬ የነበረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሐምዳን። ከሞተሩ አጠገብ ተንበርክኮ ሰንሰለት ዘይት ይቀባል። ማርያማዊትን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«እህቱ ነሽ አይደል?»

«እህቱ ነኝ። መብራቱን የተከልኩትም እኔ ነኝ። አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

«ወላሂ፣ ስለሱ ይቅር በል ልትዪኝ ከሆነ ተመለሺ። ጎማው እዚህ ጋ አልፏል» አለና መዳፉን ከጆሮው አጠገብ አደረገ።

«ይቅር በለው አልልህም። ቢጫውን አብርቼ እተወዋለሁ። አንተ እንደ ውድድሩ ቀን ብረርና ስታየው እጅህን አንሣ። ይኸው ነው።»

ሐምዳን ትንሽ አሰበ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቁጡ ይመስላል እንጂ ክፉ አይደለም። የፈለገችውን ነገር ጭራሹን ያልጠበቀው ስለሆነ ይሁን አይታወቅም፣ ሄልሜቱን አጠለቀ። ማርያማዊት መብራቱን አብርታ ከአሥር እርምጃ ላይ ተመለከተችው። በርቷል፤ ምንም አልጎደለውም። ሞተሩ ከሩቅ እያጓራ መጣ፤ ሐምዳን የነዳጅ ታንኩ ላይ ተለጥፎ ወደ ፀሐይዋ ሽቅብ ይበራል። እጁ አልተነሳም። አልተነሳም። ከመብራቱ እግር ሥር ሲደርስ ብቻ ነው ግራ እጁ እንደማቅማማት ብሎ የተነሳው፤ ያን ጊዜ መታጠፊያው ውስጥ ገብቷል። ዞሮ ተመልሶ ቆመ።

«የት እንዳለ አውቃለሁኮ» አለ ሄልሜቱን ሳያወልቅ። «እየፈለግኩት ነው የመጣሁት።»

«እኔ ልየው» አለች።

ሌላ ሄልሜት አመጣላት፤ መስታወቱ በአቧራ የተፋቀ፣ የሁሉም ተወዳዳሪ ሄልሜት የሚመስል ነው። ከኋላው ተቀመጠች። «እኔ ስጎነበስ አብረሽ ጎንበስ በይ፣ ዓይንሽን አትጨፍኚ» አላት። ማርያማዊት ሞተር ላይ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት አይደለችም፤ በከተማ ግን ሰው የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። አሁን ሲጎነበሱ ሰማዩ ጠፋና መንገዱ ብቻ ቀረ። ፀሐይዋ የሄልሜቱን ጭረት ሁሉ በወርቅ ክር ሞላችው። ከመታጠፊያው ወዲያ ገብሱ የታጨደበት ማሳ አለ፤ ገለባው ከጀርባው በመጣው ብርሃን ቢጫ ሆኖ ይንቦገቦጋል። ቢጫ መብራቷን ቢጫ ማሳ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ መውጫ ላይ፣ ጎንበስ ያለ ሰው ቀና ብሎ በማያየው ከፍታ ላይ ነው የተከለችው። ፈለገችው፤ አጣችው። ምሰሶው በአጠገቧ ሽው ሲል አንገቷን ዞር አድርጋ አየች፤ በርቷል።

ከሞተሩ ወርዳ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ሥራውን የጨረሰችበትን ቀን አስታወሰች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር፤ ሁለት መቶ እርምጃ ርቃ፣ ቆማ፣ አየችው። እንደ አጥቢያ ኮከብ ያበራል። ኮራች፤ ፎቶም አነሳች። በጠዋት መጥቼ ልየው አላለችም። ጎንበስ ብዬ ልየውም አላለችም። ዘጠኝ ቀን ወንድሟን በውሸታምነት ስትከስሰው፣ እሱ ያላየው በሷ ስሕተት ኖሯል።

ሐምዳን ከአጠገቧ ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለ። «እኔ ብሆንም ኖሮ አላይም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሊገድለኝ ነበር እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። እሱ ግን ባየኝ ጊዜ ወደ ማሳው ገባ፤ የራሱን እግር ሰበረ። ይህን ግን አላወራሁም።»

«ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እዚህ ትመጣልኛለህ?»

«ወላሂ እመጣለሁ።»

ከተማ ተመልሳ በቀጥታ ያመራችው ወደ ብየዳ ቤት ነው። በያጁ የሆቴል በር እየሠራ ነበር፤ የላሜራ ዋጋ በወር ሁለቴ መጨመሩን እየነገራት፣ እያማረረ፣ የበሩን ቁራጭ ግን በነጻ ሰጣት። ክንድ ከስንዝር በክንድ ከስንዝር አስቆረጠችው። ጥቁር ቀለም ገዝታ ቀባችው፤ ቀለሙ ግን ያብረቀርቃል፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ደግሞ ፀሐይን መልሶ ዓይን ላይ ይረጫል። ስለዚህ ከጎረቤት ምግብ ቤት የድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቃ አመጣችና ቀለሙ ሳይደርቅ ነሰነሰችበት። ባለምግብ ቤቷ «ድስቴን ሳላጥብ የቆየሁት ላንቺ ብዬ ነው» እያለች ሳቀች። ላሜራው እንደ ከሰል ድፍን ጥቁር ሆነ። በመሐሉ ሁለት ቀዳዳ አስበስታ፣ ከጋሸና የጭነት መኪና ዕቃ ሻጭ ከገዛቻቸው መብራቶች የተረፉትን ሁለቱን አስገባች። በላያቸው የድልህ ጣሳ ለሁለት ሰንጥቃ እንደ ባርኔጣ ደፋችባቸው፣ ፀሐይ በላይ በኩል እንዳትመጣ። ከመኪና ፍሬቻ የወጣ ማብለጭለጫ አገናኝታ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲበራ አደረገች፤ ዝም ብሎ የቆመ ነገር ዓይን ይለምደዋል፣ የሚጠቅሰውን ግን ዞር ሳይል አያልፍም። በዚህ ሁሉ መሐል ለኮሚቴው ሊቀ መንበር ለአቶ ታፈረ ደወለች። ከእሑድ በፊት መብራቱን አንድ ጊዜ ማየት አለባችሁ፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ፣ አለቻቸው። ምክንያቱን አልጠየቁም፤ ጥድፊያ ላይ ነበሩ።

ጠዋት የነበረችው ፀሐይ ከሰዓት በኋላ እዚያው እንደማትገኝ ታውቃለች። ስለዚህ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደች፤ እዚያ መንገዱ ወደ ምዕራብ ይዞርና ጀምበር ስታዘቀዝቅ የነጂውን ፊት ትመታለች። ከኋላው እዚህም ገለባ ማሳ ነው። የመጀመሪያውን መታጠፊያ መብራት እንዳለ ነቅላ አምጥታ በነበረበት ከፍታ አቆመችው። አዲሱን ከሱ መቶ ሃምሳ እርምጃ ወዲህ፣ ነጂው መታጠፊያው ከመድረሱ አስቀድሞ፣ በጎነበሰ ሰው ዓይን ልክ ዝቅ አድርጋ ተከለችው።

አቶ ታፈረ ሆቴላቸውን ሃያ ዓመት ያስተዳደሩ፣ ስልሳ የሞላቸው፣ ኮት ሳይለብሱ ከቤት የማይወጡ ሰው ናቸው። ከጸሐፊዋ ከጽጌማርያምና ከሌሎች ሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ደረሱ። ማርያማዊት ነገሩን ገና ስትጀምር እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱና የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«የኔ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ወንድምሽ እኮ አምኗል። እናትሽ ጠዋት አምጥተው ሰጡኝ። ‹አይቼ ነው ያለፍኩት› ይላል፣ በፊርማው።»

«እኔን ሊያድን ነው የፈረመው ጋሼ። አላየም። ሊያይም አይችልም ነበር።»

«መብራቱ በርቶ ነበር ብለሽ የመሰከርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«በርቶ ነበር። ከቆመ ሰው ይታያል፤ ከሞተር ላይ ግን አይታይም። እርስዎ ይዩት፣ እኔን አይመኑኝ።»

ሐምዳን ሄልሜት ይዞ ቀረበ። አቶ ታፈረ ሄልሜቱን አዩ፣ ሞተሩን አዩ፣ ኮታቸውን አዩ። ጽጌማርያም በማስታወሻዋ አፏን ሸፈነች። «አብደሻል እንዴ?» ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ነበር፤ የሐምዳን ፊት ግን ቀልድ የለበትም። «አባቴ፣» አላቸው፣ «ከሁሉ ይበልጥ መክሰስ የሚገባኝ እኔ ነኝ። እኔ ልይ ካልኩ እርስዎም ማየት አለብዎት።» ወረቀቱን ኪሳቸው መልሰው ኮታቸውን አውልቀው ለጽጌማርያም ሰጡ፤ «መብራት ሲያዩ እጅዎን ያንሡ» አለቻቸው ማርያማዊት።

ሁለቱም መብራት በርቷል። ሞተሩ ከሩቅ ተነሣ። በምዕራቡ ብርሃን ውስጥ ማርያማዊት የምታየው ሁለት የተጎነበሱ ጥቁር ምስሎችን ብቻ ነበር። እስከ መቶ መቁጠር ጀመረች፤ ስንት ላይ እንደደረሰች ጠፋባት። ከአዲሱ መብራት ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሲቀራቸው የአቶ ታፈረ እጅ ወደ ላይ ተወነጨፈ፤ እንደ ሰላምታ ሳይሆን ውሃ ውስጥ እንደሚሰምጥ ሰው እጅ ነበር። ሁለተኛውን፣ አሮጌውን፣ እጃቸው ሳይነሣ አለፉት። ተመልሰው ሲቆሙ አዛውንቱ ወረዱ፣ ሄልሜቱን አውልቀው ራሳቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ሁለተኛው ጠፍቶ ነው?» አሉ።

«በርቷል» አለች ጽጌማርያም፤ እሷ አጠገቡ ቆማ ነበር።

ነፋሱ ገለባውን ያንኮሻኩሸዋል። አቶ ታፈረ ማርያማዊትን ክንዷን ይዘው ከሌሎቹ ራቅ አደረጓት። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ለዚህም ነው ለመመለስ የከበዳት።

«ስሚኝ ልጄ። የአራቱንም መታጠፊያ መብራት እንደ አዲሱ አድርጊ፤ ወጪውን ኮሚቴው ይችላል። ነገሩ ግን እዚህ ይቅር። ከነገ ወዲያ እንግዳ ይመጣል፤ መብራታቸው የማይታይ ነበር ከተባለ ማን አምኖን ይወዳደራል? ወንድምሽም ፈርሟል፤ ዓመቱ እንደሆን ያልፋል። ላንቺም ቢሆን ይሻልሻል። ነገ የትኛው ሆቴል ሽቦ እንዲነካ ይሰጥሻል?»

ማርያማዊት ይህን ቀድማ አስባዋለች። ላሜራውን ስትቀባ፣ ጥላሸቱን ስትነሰንስ፣ ስታስበው ነው የዋለችው። የምትኖርበት አንዲት ክፍል የኪራይ ናት፤ የምትበላው በዚህ እጇ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ መብራት ለምን እንዳልታየ ካልተጻፈ፣ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው እንደኔ ጀምበር ስትጠልቅ አይቶ፣ ኮርቶ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግዳውም ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሊገድል የነበረ ይባላል። የኔ ስም ይጻፍ። የተከልኩት እኔ ነኝ፣ በጠዋት ፀሐይ ያልፈተሽኩት እኔ ነኝ። ተወዳዳሪዎቹም ይስሙ፤ እንዲህ አድርገን አስተካከልነው ብንላቸው ይበልጥ ያምኑናል እንጂ አይሸሹንም።»

«እኔ አምናችኋለሁ» አለ ሐምዳን ከኋላ፤ ሁሉንም ሰምቶ ኖሯል። «ካልተጻፈ ግን እሑድ አልነዳም። የወልድያ ልጆችም አይነዱም።»

አቶ ታፈረ እጃቸውን ወደ ጽጌማርያም ዘረጉ፤ ኮታቸውን የፈለጉ መስሏት ስትሰጣቸው፣ ከኪሱ ወረቀቱን አውጥተው ለማርያማዊት ሰጧት። «ቃለ ጉባኤ ጻፊ» አሏት ጸሐፊዋን። እዚያው የሞተሩ መቀመጫ ላይ ተጻፈ። መብራቱ በርቶ እንደነበር፤ ከሞተር ላይ ግን እንደማይታይ፤ የእንግዳው እገዳ መነሣቱን፤ ከእንግዲህ ማንኛውም መብራት ውድድሩ በሚካሄድበት ሰዓት፣ በነጂ ቁመት፣ በሁለት ሰው ሳይፈተሽ እንዳያልፍ። የተከላው ስሕተት የማን እንደሆነም ተጻፈ። ማርያማዊት ስሟን ሁለቴ አንብባ ፈረመች። «ሥራውን ጨርሺ» አሉ አቶ ታፈረ፤ «ከእሑድ በኋላ ግን ባለሙያ ከደሴ አምጥተን ያይልሻል።» «ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል» አለች፤ እውነቷንም ነበር።

እናቷ ቤት ስትደርስ ገና አልመሸም። እናቷ ሽሮ አቅርባ ትጠብቃለች። እንግዳው በጀሶ የታሰረ እግሩን ትራስ ላይ አሳርፎ ግድግዳ ተደግፏል። «እንዴት ዋልሽ» አለ፤ እንደ ዘጠኙ ቀናት ሁሉ። ማርያማዊት እንደ ወትሮው «ደህና» አላለችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የፈረመበትን ወረቀት ደረቱ ላይ አኖረችለት።

«በርቶ ነበር» አለች።

እንግዳው ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። በርቶ ነበር፤ አንተ ግን ልታየው አትችልም ነበር። ዛሬ ጠዋት ከሐምዳን ኋላ ተቀምጬ መጣሁ። እኔም አላየሁትም። የተከልኩበት ቦታ ነው የማይታየው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተጽፏል፤ እገዳህም ተነሥቷል።»

ወለተ ሩፋኤል የያዘችውን ማንኪያ መሶቡ ላይ አስቀመጠች። እንግዳው ወረቀቱን አነሣው፤ ያነበበው አይመስልም። እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «እኔ እብድ ሆኜ ይሆን እያልኩ ነበር» አለ ከእጁ ሥር። «አይቼው ረስቼው ይሆን? ሌሊት ሌሊት በሐሳቤ እያበራሁት ነበር የማድረው።» ማርያማዊት «ይቅር በለኝ» አለችው። እሱ እጇን ይዞ አልለቀቀም። እናታቸው ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

ሽሮው እየቀዘቀዘ፣ ጣሳው፣ ጥላሸቱ፣ የአቶ ታፈረ ኮት ሁሉ ተነገረ። በኮቱ ወሬ እንግዳው እግሩን እስኪያመው ሳቀ። ድንገት ሳቁን አቁሞ ቀና አለ።

«ሦስተኛው መታጠፊያስ?»

«እሱ ምን ሆነ?»

«እዚያ ነጂው በግራ ነው የሚጋደመው። ሲጋደም ቀኝ ዓይኑ መንገዱን አያይም፤ መሪው ይከልለዋል። መብራቱን በቀኝ ነው ያቆምሽው። ወደ ግራ አምጪው። ደግሞ በዓይን ልክ ብለሽ በጣም ዝቅ እንዳታደርጊው፣ ከፊት ያለው ሞተር ይሸፍነዋል።»

ማርያማዊት እስክሪብቶ ፈለገች፤ የዳቦውን ፌስታል ገለበጠች፣ አልጻፍ አላት። እንግዳው ጥፋቱን ያመነበትን ወረቀት ጀርባ አዞረና መንገዱን መሳል ጀመረ፣ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን መታጠፊያ። በየአንዳንዱ ላይ የነጂው ዓይን የት እንደሚያርፍ በነጥብ አመለከተ። ለካ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እናቷ ቤት ተኝቶ እሷ አንድ ቀን አልጠየቀችውም ነበር።

«ነገ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ።

«በዚህ እግርህ?»

«ወንበር አምጪልኝ፤ መንገዱ ዳር ተቀምጬ አያለሁ። የሚያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው ተብሎ ተጽፏል አላልሽኝም?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምነሳው። ባጃጁ አይመችህም፣ ይነርትሃል።»

«መጥተሽ ቀስቅሺኝ አልኩሽ» አለ እንግዳው፣ ወደ አራተኛው መታጠፊያ ተመልሶ ነጥቡን ትንሽ ወደ ግራ እያስጠጋ።